የተለካ ውሃ

«ቆርቆሮውን ስጡን አላልንም» አሉ ገበሬው አብዱልሐሊም፣ ከአግዳሚው ተነሥተው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እየመለሱ። «እዚያው ይቁም ነው ያልነው። ዙሪያውን በድንጋይ ከበብ እናደርግለታለን፤ በሰባተኛው ቀን እስላሙም ክርስቲያኑም በየሃይማኖቱ ዱዓ ያደርግበታል። የመጣነው ለፈቃድ ነው።»

በድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚያኝክ አፍ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ።

«የምን ዱዓ? በምኑ ላይ?» አለች ሓረጉ።

«ጋሽ ሓየሎም ውሃ የሚያይበት ላይ ነዋ።»

ሓረጉ ጥቁር ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። የሟቹ ታላቅ እህት ናት፤ ወልድያ ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች። ቅዳሜ መርዶው ሲደርሳት ከወልድያ እስከ መርሳ ሚኒባሱ ውስጥ እየጮኸች መጥታ ድምጿ ከዚያ ወዲህ ተዘግቶ ነበር። አሁን ግን ጠራ።

«ወንድሜን ጣዖት ልታደርጉት ነው?»

«አስተግፊሩላህ! እትዬ ሓረጉ፣ እንዴት እንዲህ ይሉኛል?»

«ምን ልበል ታዲያ? ዝናብ መለኪያ ሥር ልትሰግዱ ነው እኮ የምትሉኝ!»

«እኔ ደግሞ» አለች የሟቹ ጎረቤት ውባለም ከሴቶቹ መሀል፣ «አሥራ ሁለት ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር ወልይ መሆኑን ሳላውቅ፣ ዶሮህ ጎመኔን ጫረብኝ ብዬ ስንቴ ሰድቤዋለሁ! ወይ ጉዴ!»

አንዳንዱ በነጠላው ውስጥ ሣቀ። ሓረጉ ዞር ብላ ስታያቸው ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠ። አብዱልሐሊም ግን አልተቆጡም። ነጭ ፂማቸውን ዳብሰው «ነገሩን ብትመክሩበት ነው» አሉና «አላህ ያጥናችሁ» ብለው ተቀመጡ።

የሟቹ አንድያ ልጅ ሓርነት ከድንኳኑ ጥግ ሆና ይህን ሁሉ ሰማች። ለሰባት ዓመት በርገን በምትባል የኖርዌይ ከተማ የተማረችው ይህንኑ ነበር፤ ሰው ለምን ያምናል? በረዶ አገር ያለውም፣ በረሃ ያለውም፣ ደሴት ላይ ለብቻው የኖረውም፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ ለምን ሁሉም ከማይታይ ነገር ጋር ይነጋገራል? መልስ ነበራት፤ እንዲያውም ሦስት። ሣሩ ሲንኮሻኮሽ «ነፋስ ነው» ብሎ የተቀመጠውን ሰው ነብር በላው፤ «አንድ ነገር አለ» ብሎ የሮጠው ተርፎ እኛን ወለደ፤ እናም የእሱ ልጆች በባዶ ቦታ ሁሉ አንድ ነገር ይታየናል። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ሞትን መፍራት። ሦስተኛው፣ አብሮ የሚሰግድ ሕዝብ ይተማመናል፤ የሚተማመን ሕዝብ ደግሞ ክፉ ቀን ያልፋል። ይህን በመቶ ሰማንያ ገጽ ጽፋ ተመርቃለች።

ሃይማኖት ሲወለድ ግን አይታ አታውቅም። መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ከሸበቱ በኋላ የተገኙ ናቸው። አሁን አባቷ ከተቀበረ በአራተኛው ቀን አንዱ ከግራና መንገድ በላይ ካለች ኮረብታ ላይ ተወልዶ፣ በሽማግሌ እጅ ታቅፎ ድንኳኗ ድረስ መጣ። ልቧ ዘለለ። እጇ ቦርሳዋ ውስጥ እስክሪብቶ ሲፈልግ አገኘችው። ወዲያው አፈረችና እጇን ከጭኗ ሥር ቀበረችው።

ደግሞስ በማን? ከሰው ሁሉ በአባቷ!

ሓየሎም ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ ለክቷል። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ተቀጥሮ፣ ከመርሳ ወደ ግራና ከሚወስደው መንገድ በላይ፣ ከአብዱልሐሊም ማሳ አጠገብ ካለ ገላጣ ላይ አንድ ቆርቆሮ ተከለ። ከላይ ዝናብ የሚቀበል ሰፋ ያለ አፍ፣ ከውስጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ጣሳ፤ ሌላ ምንም የለውም። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ይደርሳል፣ ውሃውን ባለ መስመር ብርጭቆ ውስጥ ገልብጦ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ይመለሳል። እሑድ የለ፣ ጥምቀት የለ። በጦርነቱ ጊዜ አገሩ ሁሉ ሲሸሽ እንኳ ወጥቶ ለክቷል። በኋላ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ ተከለ፤ እሱም ጡረታ ወጣ። አሮጌውን ቆርቆሮ እንዲተዉለት ለምኖ ቀጠለ። ለማን እንደሚለካ የጠየቀው ሰው ካለ ሓርነት አታውቅም። እሷ አልጠየቀችውም።

እናቷ ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ከተዝካሩ በኋላ አባቷ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አላየችውም። አሥር ዓመት ሲሆናት፣ አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ቆማ ጠየቀችው።

«አባ፣ እግዚአብሔር አለ?»

ክሩን አጥብቆ እስኪጨርስ አልመለሰም።

«አልለካሁትም» አላት።

ይህን መልስ ይዛ አደገች፤ ይዛውም ባሕር ተሻገረች። አባቴ የማያምን ሰው ነው እያለች ለጓደኞቿ በኩራት ታወራ ነበር። በርገን ዝናብ የማያባራባት ከተማ ናት። ሓየሎም ይህን ካወቀ ወዲህ በደወለ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው።

«ዛሬ ስንት ወረደ?»

«እኔ ምን አውቄ አባ፤ እዚህ ሁሌም ይዘንባል።»

«ሁሌ የሚባል ነገር የለም። ስንት ሚሊ ሜትር?»

«አባ ሙት አላውቅም።»

«ካጠገብሽ እየወረደ አታውቂም?» ይልና በስልኩ ውስጥ ዝም ይላል፣ ዝናቡን በእሷ በኩል ለመስማት የሚሞክር ይመስል። ስለ ነብሩና ስለ ነፋሱ በነገረችው ዕለት ደግሞ ብዙ ካሰበ በኋላ «ታዲያ ነፋሱን ማን ሄዶ አየው?» ብሏት ነበር። ስቃበት ዘጋችው።

ከተመለሰች አሥር ወሯ ነው። ወልድያ ታስተምራለች፤ ከመርሳ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። በአሥር ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መጥታ አይታዋለች። በሦስተኛው ጊዜ፣ በግንቦት፣ «ነገ ጠዋት አብረን እንውጣ፤ ከላይ አገሩ ሲታይ ደስ ይላል» አላት። የማርመው ፈተና አለኝ አለች። «ሕራይ» አለ አባቷ በአባቱ ቋንቋ በትግርኛ፤ እሺ ማለቱ ነው። ቅዳሜ ንጋት ላይ ልቡ ቆመ። በዘጠኝ ሰዓት ሲቀበር የሰኔ ዝናብ ባንድ ጊዜ ወርዶ ቀባሪውን በተነው። ከዚያ ወዲህም ከሰዓት ከሰዓት ሲዘንብ ሰነበተ።

የዚያን ዕለት፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ እንግዳው ሲሳሳ የሓረጉ የነፍስ አባት መምሬ ሙላቱ ከሓረጉና ከሓርነት ፊት ተቀመጡ። መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

«ነገሩ ቀላል አይደለም» አሉ። «ዛሬ ድንጋይ ይከቡበታል። ከርሞ ቅቤ ይቀቡታል። የዛሬ ሃያ ዓመት ሓየሎም የሚባል ዝናብ አውራጅ ነበር ይባላል። ሰው እንደሆነ ያምናል፤ የሚያምንበትን ካላገኘ ግንድም ቢሆን ያቆማል።»

«እኔም የጻፍኩት ይህንኑ ነው መምሬ» አለች ሓርነት።

«እንዲህ ያለውን ለመጻፍ ነው እንዴ እዚያ ድረስ የሄድሽው?» አሉ መምሬ፣ በእውነት ተገርመው።

ሓረጉ ክንዷን ያዘቻት። «ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺ የሱ ልጅ ነሽ፤ የተማርሽም ነሽ። እኔ ብናገር እስላም ጠል ይሉኛል። አንቺ ነገ ውጪና ቆርቆሮ ነው በያቸው። አባቴ የሚለካ እንጂ የሚጸልይ ሰው አልነበረም በያቸው። ከዚያ ነቅለሽ አምጪው።»

ሓርነት ወዲያው ተስማማች። አባቷም ቢሆን የሚፈልገው ይህን ነው ብላ አሰበች። ቁጥር ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ ሥራውን ተአምር ሲያደርጉበት መቃብሩ ውስጥ ይገላበጣል። ከዚህም በላይ፣ የሞተውን አባቷን እንደነበረ አድርጎ ለማቆየት ልታደርግለት የምትችለው የመጨረሻ ነገር እሱ ብቻ መስሎ ታያት። ካልነቀለችው የማታውቀውን ሌላ ሓየሎም እዚያ ኮረብታ ላይ አቁመው የእሷን ይወስዱባታል።

«ነገ ጠዋት እነቅለዋለሁ» አለች።

መምሬ ባርከው ሲሄዱ ሓረጉ ከቦታዋ አልተነሣችም። ንፍሮውን ከሳህኑ ላይ አንድ አንድ እያነሣች መልሳ ታስቀምጣለች።

«ታውቂያለሽ፣» አለች፣ «ሃያ ዓመት ለምኜዋለሁ። ሓየሎም ወንድሜ፣ ላንድ ቀን እንኳ፣ ለስቅለት እንኳ፣ ጉልበትህን እጠፍ። 'ሕራይ' ይለኛል፤ አይመጣም። ሲንበረከክ ሳላየው ሞተብኝ። ምን ብዬ ነው ነፍሱን ማርልኝ የምለው? በየትኛው ስግደቱ?»

እንዲህ ያለ ፍርሃት በሓርነት የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ነበር፤ ምዕራፍ ሁለት። ግን እዚያ ንፍሮ የሚቆጥሩ ጣቶች አልነበሩትም።

ረቡዕ ጠዋት ከውባለም ዶማ ተዋሰች። ሓረጉ «ብቻሽን አትወጪም» ብላ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ባጃጁ ውስጥ ቀድማት ተቀመጠች። ባጃጁ የግራናን መንገድ ይዞ ከኮረብታው ግርጌ አወረዳቸው፤ ከዚያ በእግር ነው። ማሳው ርሶ ጠቁሯል፤ አንዳንዱ ታርሶ ዘር ይጠብቃል። ሓረጉ በየመቶ እርምጃው እየቆመች «ይሄን በየቀኑ ይወጣው ነበር?» ትላለች፣ መልስ ሳትጠብቅ።

ሓርነት የምታገኘው አብዱልሐሊምንና ምናልባት ሁለት ሦስት ሽማግሌ መስሏት ነበር። ጉብታውን ስታልፍ ቆመች።

አርባ የሚሆን ሰው በክብ ቆሟል። ሴቶች አሉ፤ ኮፍያ ያደረጉ ወንዶች አሉ፤ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ አሉ። ከገላጣው ጠርዝ ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ ኮንጎ ጫማ፣ ሸራ ጫማ፣ በረባሶ፣ አንድ የከተማ ቆዳ ጫማም ጭምር። ሁሉም ባዶ እግሩን ነው። የሚናገር የለም። በመሀላቸው፣ አጭር ሣር በበቀለበት ላይ፣ ወገብ የማይደርስ ቆርቆሮ ለብቻው ቆሟል። ከታች መርሳ፣ ከእሷ ወዲያ የሀብሩ ሜዳ ጭጋጉን እየገፈፈ ተዘርግቷል። ሓርነት ብዙ ታላላቅ ካቴድራሎች ገብታ አይታለች። እንዲህ ያለ ዝምታ ግን የትም አልሰማችም። ጸጉሯ ቆመ፤ ለምን እንደቆመ ልታስረዳው የምትችል ሴት ሆና ሳለ ቆመ።

«ማን ጠራቸው?» አለች በሹክሹክታ አብዱልሐሊምን።

«ማንም። ሦስት ሰዓት ስለሆነ ነው።»

ያኔ ሰዎቹ ዶማውን አዩት። ዓይናቸው ከዶማው ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ቆርቆሮው ሄደ።

ሓርነት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ወገኖቼ፣ አባቴን ስለወደዳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ይሄ ቆርቆሮ ነው። አባቴ ዝናብ አላመጣም። ጸሎትም አላደረገም። ጫማውን የሚያወልቀው ሣሩን ላለመርገጥ ነው፤ የተረገጠ መሬት ላይ የወደቀ ጠብታ ነጥሮ ቆርቆሮው ውስጥ ይገባና ቁጥሩን ያበላሻል። ይለካ ነበር፤ ያ ብቻ ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ፣ ሆዷ የገፋ፣ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ሣቀች። «ቆርቆሮ መሆኑን ለኛ ነው የምትነግሪን? መርሳ ገበያ የሞላ አይደል እንዴ!»

«የሣሩንማ እኛንም ነግሮናል» አለ ሌላው። «ልጆቻችን ሲረግጡት በአለንጋ ሊገርፋቸው!»

ሓርነት ግራ ገባት። «እንዲህ ካወቃችሁ ለምን ጫማ አወለቃችሁ?»

«ሣሩን ላለመርገጥ ነዋ» አለች ሴትዮዋ።

አብዱልሐሊም ወደ ፊት መጡ። «ልጄ፣ ሲንበረከክ አይተሽው አታውቂም መሰለኝ።»

«ምን አሉ?» ሓረጉ ከኋላ ተጣርታ መጣች። «ማን ነው የተንበረከከው?»

«ወንድምዎ ነዋ እትዬ ሓረጉ። በየቀኑ። በሁለት ጉልበቱ።»

ሓረጉ ወደ ሓርነት ዞረች። ፊቷ ላይ የመጣውን ተስፋ ሓርነት ለማየት አልደፈረችም፤ ግን መዋሸትም አልቻለችም። «እቴቴ፣ ለማየት ነው፤ እሱ ራሱ ነግሮኛል። ብርጭቆውን ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያደርገዋል። ውሃው ከዓይን እኩል ካልሆነ ቁጥሩ ይዛባል። ሥራው ያስገድዳል።»

«እውነቷን ነው» አሉ አብዱልሐሊም። «ውሃ ሲኖር እንደሱ ነው። ግን ከአሥር ዓመት በፊት ክረምቱ ሲቀር ውሃ አልነበረም። አርባ ሦስት ቀን፤ እኔ ቆጥሬያለሁ። ቆርቆሮው ውስጥ ሸረሪት አድርቶበታል። ባዶነቱ እኮ ቆመው ሲያዩት ይታያል። እሱ ግን በሦስት ሰዓት ይመጣል። ጫማውን ያወልቃል። ባዶውን ጣሳ ባዶ ብርጭቆ ላይ ይደፋል። ድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ይንበረከካል። ዓይኑን እኩል አድርጎ ያያል። ስንት ሆነ እለዋለሁ፤ ዜሮ ይለኛል። ይጽፋል። ይሄዳል።»

ሰዉ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ እንደገና ሲሰማው ግን ወደ መሀል ጠጋ አለ።

«እኔ ያን ጊዜ ከብቶቼን ነድቼ ወደ አፋር ልሰደድ የነበርኩ ሰው ነኝ። ጓዜ ታስሯል። በዚህ ሳልፍ አየሁት። ይሄ ሰውዬ ምን ያያል ብዬ አንድ ቀን አደርኩ። በማግስቱም መጣ፤ ሌላ ቀን አደርኩ። ይቺም፣ ያም፣ የዚያኛውም አባት እንደዚያው። እየተንበረከከ ነው አርባ ሦስት ቀን ያሳደረን። አንድ ጠዋት አላስችል ብሎኝ ጠየቅሁት። ወላሂ፣ ባዶ ነገር ለማየት ለምን ትንበረከካለህ አልኩት።»

«ምን አለ?» አለች ሓርነት።

«ከላይ ሆኜ አይቼ ባዶ ነው ማለት አልወድም አለኝ።»

ነፋስ መጣና ሣሩን አንኮሻኮሸ። ሓርነት መቶ ሰማንያ ገጿን በልቧ ከዳር እስከ ዳር ገለጠችው። ፍርሃት አለ፤ ነብር አለ፤ ማኅበር አለ። ነፋሱን ነፋስ ነው ብሎ፣ ነብር እንደሌለበት አውቆ፣ በየማለዳው ግን ሄዶ በጉልበቱ ሆኖ የሚያይ ሰው አልነበረበትም። እሱን እያየ የሚቆይም ሕዝብ አልነበረበትም። እሷ ራሷ ስንት ነገር ከላይ ሆና አይታ ባዶ ነው ብላለች? አልለካሁትም ያለውን ሰው አያምንም እያለች ስታወራ የኖረችው እሷ ናት።

«ከቅዳሜ ጀምሮ የነካው የለም» አሉ አብዱልሐሊም ዝቅ ብለው። «እኔ ቁጥሩን አውቃለሁ፤ ዓይኔ ግን ሞራ ለብሶ ቀጫጭኑን መስመር አይለይልኝም። ሌላው ፈራ። የቀብሩ ዕለት የወረደው እዚሁ ነው ያለው፤ የእሑዱም፣ የሰኞውም፣ የትናንቱም። ሁሉም ባንድ ላይ ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል።»

ዶማውን ከእጇ የወሰደባት የለም። ራሷ ሣሩ ጠርዝ ላይ አጋደመችው። ጫማዋን አወለቀች። ሣሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ በጣቶቿ ጫፍ እየተራመደች ደረሰች። ጣሳውን ስታወጣ ከበዳት። አብዱልሐሊም፣ ሓየሎም ከመዝገቡ ጋር እሳቸው ዘንድ ያሳድረው የነበረውን ባለ መስመር ብርጭቆ አቀበሏት።

ብርጭቆውን እስከ ላይኛው መስመር ሞልታ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና ቆማ አየችው። ከላይ ምንም አይነበብም፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ብቻ ነው። ተንበረከከች። ጉልበቷ ሥር ያለው መሬት ጎድጎድ ብሎ ነበር፤ ሁለት ጉድጓድ፣ ጎን ለጎን፣ ከእሷ ጉልበት ሰፋ ያሉ። ሠላሳ ዓመት የቆፈራቸው። ጉልበቷ ውስጣቸው ገባ።

ዓይኗን ወደ ውሃው አወረደች። ውሃው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ታገሺው» አሉ አብዱልሐሊም። «ይረጋል።»

ረጋ። ከውሃው ጀርባ የቆሙት ሰዎች ይታዩ ነበር፣ ቀጭንና ረጅም ሆነው፣ የግራው ወደ ቀኝ የቀኙ ወደ ግራ ተዘዋውሮ፤ ከእነሱም ኋላ የሀብሩ ሜዳና ሰማዩ፤ ሁሉም በአንዲት ብርጭቆ ውስጥ፣ ሁሉም ከዓይኗ እኩል። በዚህ ቦታ፣ በዚህ ከፍታ፣ አባቷ በየጠዋቱ ዓለምን ያየው እንዲህ ነበር።

«አሥር» አለች።

ሆዷ የገፋው ሴት መጥታ ሁለት መዳፏን አጋጥማ ዘረጋች። ሓርነት ወደ አብዱልሐሊም ተመለከተች።

«ለሷ ነው» አሉ። «ከሰማይማ ብዙ ይወርዳል። ይሄ ግን ሰው አይቶ ስሙን የጠራው ነው። ሲደፋው አሳዘነን፤ እኛው ነን አትድፋው ያልነው።»

ሓርነት ቀዳችላት፤ ሴትዮዋ ከመዳፏ ጠጣች፤ የቀረውን ሆዷ ላይ ቀባችው። ሓርነት ሁለተኛውን ሞላች፤ ተንበረከከች። ሃያ። አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን አማትበው ተቀበሉ። ሦስተኛውን ሞላች፤ ሠላሳ። አብዱልሐሊም ቢስሚላህ ብለው ዓይናቸውን አበሱበት። አራተኛው ብርጭቆ አልሞላም። ጣሳውን እስኪንጠባጠብ ይዛ ጠበቀች፤ ከዚያ ወረደች፣ አየች፣ እንደገና አየች።

«ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሁለት።»

«አሜን» አለ ግማሹ። «አሚን» አለ ግማሹ። ለቁጥር አሜን ሲባል ሓርነት ሰምታ አታውቅም።

አብዱልሐሊም ከፌስታል ውስጥ መዝገቡን አውጥተው ሰጧት። የመጨረሻው የአባቷ ጽሕፈት ዓርብ ላይ ነው፤ ዜሮ ነጥብ ስድስት። ከሥሩ አራት ባዶ መስመር።

«እነዚህ ላይ ምን ይጻፍ?» አሉ። «ዜሮ እንዳልል፣ ዘንቧል። እሱ ዜሮ የሚጽፈው አይቶ ነው። እነዚህን ያያቸው የለም፤ ለቅሶ ላይ ነበርን።»

ሓርነት ቅዳሜ ላይ አንዲት አጭር ሰረዝ ሳበች። እሑድ ላይ፣ ሰኞ ላይ፣ ማክሰኞ ላይ። ሰረዝ አልተለካም ማለት ነው። ረቡዕ ላይ ቁጥሩን ጻፈች።

«ድንጋይ ግን አትክቡበት» አለች ሳትነሣ። «ድንጋይ ላይ የወደቀ ጠብታ ይነጥራል። አጥር ካስፈለገ በእሾህ፣ አሥር እርምጃ ራቅ አድርጋችሁ። ነገ ሦስት ሰዓት እመጣለሁ።»

አብዱልሐሊም ራሳቸውን ነቀነቁ። በአራተኛው ብርጭቆ ውስጥ ገና ውሃ አለ። ማን እንደሚቀበለው ለማየት ቀና ስትል፣ ጫማዋን አውልቃ በሣሩ ላይ የምትመጣውን አየች። ሓረጉ ናት። እንደሌሎቹ በጣቷ ጫፍ ትራመዳለች። ደርሳ ሁለቱን ጉድጓዶች፣ ውስጣቸውም የሓርነትን ጉልበት፣ ቆማ አየች።

«የቀብሩም ዕለት የወረደው አለበት ነው ያሉት?»

«አለበት እቴቴ።»

መዳፏን ዘረጋች። ሓርነት ቀስ አድርጋ ቀዳችላት፣ ጠብታ ሳታስቀር። ሓረጉ አልጠጣችውም። ጎንበስ አለችና፣ ጠዋት ከእንቅልፍ የተነሣ ሕፃን እንደሚታጠብ፣ የወንድሟን ልጅ ፊት ከግንባሯ እስከ አገጯ አጠበቻት፤ በነጠላዋም ጫፍ፣ ዓይኗን ሳትጫን፣ አደረቀችላት።